የተዘጋ ደብተር እንዴት ይከፈታል? ጽፈው ጽፈው ላቆሙ ሰዎች

በ2017 ክረምት የቤታችን ቆርቆሮ አፈሰሰ። ደብረ ማርቆስ ላይ ነሐሴ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠብታው ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጥኳትን ካርቶን መርጦ ወረደባት። ካርቶኗን ሳወርድ 11 ደብተር አገኘሁ፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ የጻፍኳቸው የግል ማስታወሻዎቼ ናቸው። የመጨረሻው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ሚያዝያ 12 ቀን 2011 ይላል፤ የሆሳዕና ዋዜማ። ከሥሩ «ነገ ሆሳዕና ነው። እናቴ ዘንባባውን» ተብሎ እዚያው ላይ ተቋርጧል። ማን ጠርቶኝ እንደተነሣሁ አላስታውስም። ተመልሼ ሳልቀመጥ ስድስት ዓመት አለፈ።

ይህ መመሪያ ለጀማሪ አይደለም። ድሮ ሲጽፍ ለነበረ፣ የግል ማስታወሻ ይሁን ግጥም፣ ወግ ይሁን የቤተሰብ ታሪክ፣ ከዚያ በሥራ፣ በልጅ፣ በሐዘን ወይም እንዲያው በዋዛ ላቆመ ሰው ነው። ጀማሪን የሚያስፈራው ባዶ ወረቀት ነው። የእኛ ፍርሃት ሌላ ነው፤ በመጨረሻው ጽሑፍና በዛሬው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ዕዳ ይታየናል። እኔ ይህን ዕዳ ልክፈል ብዬ ተነሥቼ አንድ ወር አባክኛለሁ። ስለዚህ ከስሕተቴ ልጀምር።

የት እንደከረማችሁ አታስረዱ

ደብተሬን ስከፍት መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«ለረጅም ጊዜ ሳልጽፍ ቆየሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ተለውጧል። ሥራ በዛብኝ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ያገሩም ሁኔታ እንደሚታወቀው ነው። ከእንግዲህ ግን ሳላቋርጥ ለመጻፍ ለራሴ ቃል እገባለሁ።»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ። በማግስቱ ስቀመጥ 2012ን እንኳ ገና አልጨረስኩም። 2013፣ 2014፣ 2015 ወረፋ ይዘው ቆመዋል። ደብተሩን ዘጋሁት፤ ሦስት ሳምንት አልነካሁትም።

አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቤት ውስጥም የምንጠራቸው የኔታ ብለን ነው። ለበዓል ሲመጡ ነገሩን እንደ ቀልድ አነሣሁባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ተማሪ እርሻ ይጠራዋል፣ ይታመማል፣ አገሩ ይገባል። ሁለት ዓመት ይቀራል፣ ሦስት ዓመት ይቀራል። ሲመለስ ‹የት ከረምህ› እንለዋለን፤ ‹አገሬ› ይላል፤ አለቀ። በማግስቱ ጉባኤ ቃና ቁጠር ይባላል። አንተ ‹የት ከረምህ› ለሚለው ሦስት ገጽ ሙሉ መልስ ትሰጣለህ። ማን ጠየቀህ?»

ቅኔ ቤት ያልዋለ አንባቢ ካለ ትንሽ ላብራራ። ዋሸራን፣ ጎንጅን በመሰሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው «ቅኔ ይቆጥራል» ሲባል ቁጥር አይደለም፤ ከሰው ገለል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በልቡ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃናን ነው፤ ሁለት ቤት (ሁለት መስመር) ብቻ ነው። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት አለው። እንዲህ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ትላንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የየዕለቱ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ ያልተቆጠረ የትላንት ቅኔ ዕዳ ሆኖ አይጠብቅም፤ ቀኑ አልፏል፣ የዛሬው ነው የሚፈለገው።

የዚህ መመሪያ ሁሉ መሠረት ይቺ ነገር ናት። ሁለት መስመር፣ የዛሬ፣ ያለ ማብራሪያ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። መኪና እንዳጣ፣ ስልኩ እንደተበላሸ፣ አለቃው ፈቃድ እንደከለከለው አንድ ሰዓት ሙሉ ካወራ ለቅሶው የሱ ሆነ ማለት ነው።

ደብተሩን ከውኃና ከምስጥ ማዳን

ከመጻፍ በፊት የድሮውን ማትረፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። እናቴ ደብተሮቹን ምድጃ አጠገብ ልትደረድራቸው ነበር፤ ደግነቱ ደረስኩባት። የረጠበ ወረቀት በእሳትም በፀሐይም ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰባበራል፣ ቀለሙም ይነጣል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ደብተሩን በቁሙ አቁማችሁ ቅጠሎቹን እንደ ማራገቢያ ፈታ አድርጓቸው። በጣም ከራሰ መቆም አይችልም፤ አጋድሙትና በየአሥር ቅጠሉ መካከል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አስገቡ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ይጋባል። የገባው ወረቀት ሲርስ በደረቅ ቀይሩት፤ እኔ መጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ። የተጣበቁ ገጾችን በጥፍር አታላቅቁ። ገጹ እየደረቀ ሲሄድ ራሱ የሚለቅበት ሰዓት አለ፤ ያኔ ከጥግ ጀምራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ትለያላችሁ።

በእስክሪብቶ የተጻፈው ብዙም አይጎዳም፤ ቀለሙ ቅባትነት ስላለው ውኃ በቀላሉ አያጥበውም። በብዕርና በጄል እስክሪብቶ የተጻፈው ግን ይፈሳል፤ ጊዜ ካነሳችሁ እሱን አስቀድሙ። ብዙ ደብተር በአንዴ ርሶባችሁ ማድረቂያ ቦታ ከሌላችሁ፣ ፍሪጅ ካላችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡት። ሻጋታው ባለበት ይቆማል፤ በኋላ አንድ አንድ እያወጣችሁ ታደርቃላችሁ። ሚስቴ ሥጋ ፈልጋ ፍሪጁን ስትከፍት የ2006 ማስታወሻዬን አግኝታ የሳቀችው እስካሁን ይነሣብኛል።

የሻገተውን ደጅ አውጡት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ቤታችሁ ጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ከሻጋታው ይልቅ ምስጡ ነው ጠላታችሁ። ደብተር መሬት ላይም ግድግዳ ተደግፎም አይቀመጥም።

ሲደርቅ ገጽ በገጽ በስልክ አንሡት። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። የአንድ ደብተር ፎቶዎችን አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡና በዓመተ ምሕረቱ ሰይሙት። ሌላ ቦታም አንድ ቅጂ ይኑር፤ ፍላሽ ላይም ይሁን ለራሳችሁ በቴሌግራም ልካችሁ።

የድሮ ፋይል ሲከፈት ቋንቋው የማይታወቅ ከሆነ

በወረቀት ብቻ ያልጻፈም አለ። እኔ ከ2002 እስከ 2005 ያሉትን ጽሑፎች የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄጄ ነበር የማስጽፋቸው፤ ፍላሽ ላይ ነበሩ። ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው የፈረንጅ ፊደልና ነጥብ፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደባልቆ መጣ። ልሰርዛቸው ትንሽ ቀረኝ። እባካችሁ እንዳትሰርዙ፤ ምንም አልጠፋም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበር የሚጻፈው። የያኔዎቹ ፎንቶች የ«ሀ»ን መልክ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ወለቀ ማለት ነው፤ ሰውየው አለ።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን «ሴቭ» እንዳትሉት። ከዚያ ያረጀ ኮምፒውተር ያለው የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ፈልጉ፤ በየከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ አንድ አይጠፋም። ፋይሉን ያ ፎንት ባለበት ማሽን ላይ ከፍታችሁ አትማችሁ ውሰዱ። የታተመውን ገጽ በስልክ አንሥታችሁ ፎቶውን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭናችሁ በጉግል ዶክስ ብትከፍቱት አማርኛውን አንብቦ ወደ ዩኒኮድ ጽሑፍ ይለውጥላችኋል። ጥርት ያለ ሕትመት ከሆነ ደኅና ያነባል፤ ግን «ጸ»ን ከ«ጻ»፣ «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚያምታታበት አለና ዓይን ያስፈልጋል። የእጅ ጽሑፍ አይሆንለትም፤ የኔን የእጅ ጽሑፍማ እኔም አላነበውም።

ጥቂት ገጽ ከሆነ ግን ሁሉንም ትታችሁ ራሳችሁ እንደገና ጻፉት። የድሮ ጽሑፍን በእጅ መገልበጥ ጣትን ያሟሟል፤ የራስን የድሮ ድምፅ ያስታውሳል። እኔ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የድሮውን ማንበብ፣ እርማት ሳይነኩ

አንድ ቀን መድቡ፤ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ አትያዙ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር የምትሉት ዓረፍተ ነገር። ዳሩ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ። የሚያሳፍረውን አትሰርዙ፣ ሆሄ አታርሙ፣ ገጽ አትቅደዱ። የ20 ዓመት ልጅ ሆናችሁ የጻፋችሁትን በ40 ዓመት ዓይን ካረማችሁት ያ ልጅ ይጠፋል።

እኔ 11 ደብተር አንብቤ ነጥብ ያገኙት 60 የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ደርድሬ ሳያቸው ገረመኝ። ስለ ሕይወት ትርጉም ከጻፍኳቸው ገጾች አንድም ነጥብ አላገኘም። ነጥብ ያገኙት እንዲህ ያሉት ናቸው፦ «የጎረቤት ላም ወለደች። እንገር ተላከልን፤ እናቴ ዕቃው ባዶውን አይመለስም ብላ ጨው አድርጋበት መለሰችው።» ይህን ስጽፍ ሰንፌ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሌላ የምጽፈው አጥቼ ነው። የቱን መጻፍ እንዳለብኝ ደብተሩ ራሱ ነገረኝ።

የመጨረሻውን የተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ግን አትጨርሱት። እኔ «እናቴ ዘንባባውን» የሚለውን ለመጨረስ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ዘንባባ ምን ይደረጋል? ቀለበት ሠርቼ ጣታችሁ ላይ አሰርኩ ነዋ!» አለች፤ እንደ ሞኝ እያየችኝ። መልሷን በዛሬ ቀን፣ በአዲስ ገጽ ጻፍኩት። የተቋረጠው እንደተቋረጠ ነው። ቀጥዬበት ቢሆን የ2011ንና የ2018ን ሰው አንድ ላይ ሰፍቼ ሁለቱንም አበላሽ ነበር።

ስለ ቀን አንድ ነገር። የድሮ ማስታወሻን ከስልክ ፎቶ ጋር ስታስተያዩ የሁለቱ አቆጣጠር ያደናግራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የኛና የፈረንጆቹ ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ያለው ዓመት ላይ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ 8 ሰዓት ያለው የኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከእንግዲህ ስትጽፉ በአንዱ ጽኑ፤ የሳምንቱንም ቀን ስም ጨምሩ። ዓመተ ምሕረት ቢሳሳት «ማክሰኞ» ያስታርቃል።

አቦልና ቶና መካከል

«ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» ያለ ሰው አይጽፍም። ሰዓት መመደብም ቢሆን ለኔ አልሠራም፤ ከማታው 3 ሰዓት ብዬ መደብኩ፣ መብራት ጠፋ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብዬ መደብኩ፣ ልጅ አለቀሰ። የሠራልኝ ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ባለ ነገር ላይ መንጠልጠል ነው። እኛ ቤት ቡና በየቀኑ ይፈላል። አቦሉ ተቀድቶ ተጠጥቶ፣ ጀበናው ውኃ ተጨምሮበት ለቶና እንደገና ሲጣድ፣ እስኪፈላ ድረስ ያለችው ጊዜ አለች። 15 ደቂቃ ብትሆን ነው። ሰውም ወሬውን ጨርሶ ለሁለተኛው ዙር እያሰበ ዝም የሚልባት ናት። ደብተሬን የማወጣው ያኔ ነው። ቶናው ሲቀዳ እዘጋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም።

ቤታችሁ ቡና የማይፈላ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ታክሲ እስኪሞላ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ፣ እንጀራ ጋግራችሁ እስኪበርድ። መስፈርቱ ሁለት ነው፦ በየቀኑ የሚመጣ፣ ራሱ የሚያልቅ። ማለቁ ከመጀመሩ እኩል ያስፈልጋል። በጠገባችሁ ጊዜ ከተነሣችሁ ነገ አያጓጓችሁም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእጅ ጻፉ። ስልክ ላይ መጻፍ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጂቦርድ በሚባለው የስልክ መጻፊያ ላይ አማርኛውን ከጫናችሁ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጻፍበታል። ችግሩ ስልኩ ራሱ ይጠራችኋል። ደብተር አይጠራም።

ሁለት መስመር፣ ለ14 ቀን

አሁን ጉባኤ ቃናችሁን ቁጠሩ። ደንቡ ቀላል ነው። ዛሬ በዓይናችሁ ያያችሁት ወይም በጆሯችሁ የሰማችሁት አንድ ነገር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። የመጀመሪያው ነገሩን ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ያዞረዋል። «ደስ አለኝ»፣ «አዘንኩ»፣ «ይገርማል» የሚሉ ቃላት ለነዚህ 14 ቀናት ክልክል ናቸው። ሰሙን በደንብ ካፈሰሳችሁት ወርቁ ራሱ ይመጣል፤ ወርቁን ፍለጋ ከሄዳችሁ ግን ሁለቱንም ታጣላችሁ።

የኔን ላሳያችሁ፤ የማያፍር ሰው ነው የሚያስተምር።

የመጀመሪያው ቀን፦ «አናጢው ሚስማሩን በአፉ ይዞ ሲያወራ አንዲት ቃል አልገባኝም። ዋጋውን ሲናገር ግን ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ነበር።»

አራተኛው ቀን፦ «እናቴ ስልክ ስታነጋግር ትጮኻለች። ቢቸና ሩቅ ስለሆነ።»

አሥራ ሁለተኛው ቀን፦ «በሰሜን በኩል ጉሙ የጮቄን ተራራ ውጦታል። ጎረቤቴ ዛሬ ልብስ አጠበች፤ ከኔ ይልቅ ተስፋ አላት።»

አሥራ ሁለተኛው ላይ «ከኔ ይልቅ» ማለቴ አሁን ሳየው አያስፈልግም ነበር። ይሁን፤ አላርመውም።

የሚፈትናችሁ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀን ነው። ድንገት ይመጣላችኋል፤ ሁለት መስመሩ አራት ገጽ ሊሆን ይፈልጋል። አትልቀቁት። ወንዝ እንደሚሻገር ሰው በዱላችሁ እየለካችሁ ሂዱ። እኔ በዚያ ቀን ለቅቄው አምስት ገጽ ጻፍኩ፤ ከዚያ ለአራት ቀን አንድ መስመር እንኳ አልመጣልኝም። ለነገ የሚሆን ነገር በእጃችሁ እያለ መነሣት ልማድ ያደርጋል። የተትረፈረፈውን በአንድ ቃል ብቻ ዳሩ ላይ ያዙት፦ «ሚስማር»፣ «የቢቸና ስልክ»።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ዘአምላኪየ ግቡ፤ ሦስት መስመር። ሌላ ሁለት ሳምንት ጨምራችሁ ወደ አምስት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ስምንት መስመር የሚጽፍ ሰው ትሆናላችሁ፤ ከስምንት መስመር በኋላ መለኪያው አያስፈልጋችሁም። የኔታ ይህን አከፋፈሌን ሰምተው «ቅኔ መስመር አይደለም» ብለውኛል። ልክ ናቸው፤ እኔም ቅኔ አልቆጠርኩም፣ ሥርዓቱን ነው የተዋስኩት።

ሆሄ ነገር

በፍጥነት ልለፈው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እያላችሁ እጃችሁ ከቆመ በመጀመሪያው ወር ተዉት። ከዚያ በኋላ ግን ጎጃም ተወልዶ ግድ የለኝም ማለት ያሳፍራል። በግዕዙ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ ኮከብ እንደሚወጣ፤ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ነው። ቢያንስ አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አትጻፉት። ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነጠላ ሰረዝ (፣) እና ድርብ ሰረዝን (፤) መለየትም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ነው።

ነገራ፦ ለአንድ ሰው ማንበብ

ተማሪ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩ ያቀናል፣ ይጥላል፣ ወይም ዝም ብሎ ያሳልፋል። ብቻውን ቆጥሮ ብቻውን የሚቀር ቅኔ የለም። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቆምኩት ጽሑፌን የሚሰማ ሰው ስላልነበረኝም ጭምር ይመስለኛል፤ ለራስ ብቻ የሚጻፍ ነገር ሲቋረጥ የሚጠይቅ የለም።

ከ30 ቀን በኋላ አንድ ሰው ምረጡ። የሚወዳችሁ ሁሉ አይሆንም፤ በጣም የሚወድ ያሞግሳል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡለት፤ ወረቀቱን አትስጡት። ስታነቡ ምላስ የሚሰናከልበትን ቦታ ዓይን አያየውም። አንብባችሁ ስትጨርሱ «እንዴት ነው?» አትበሉ። «ጥሩ ነው» ይላችኋል፤ ጥሩ ነው ደግሞ አይጠቅምም። «የት ላይ ሰለቸህ?» በሉት።

እኔ ለታናሽ እህቴ ነው ያነበብኩት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ።

«አያ፣ ሚስማሩን በአፉ የያዘው ሰውዬ ደስ ይላል» አለች። «ከሱ በኋላ ያለው ስብከት ነው።»

«የቱ?»

«‹ሰው ሁሉ ስለ ገንዘብ ሲሆን አፉ ይከፈታል› ያልከው። ይህንማ እኔም አውቀዋለሁ።»

ሁለተኛው ዙር ላይ ጨምሬባት የነበረች ሦስተኛ መስመር ናት። አወጣኋት፤ ከላይ ያያችሁት ያለ እሷ ነው።

የተዘለሉት ዓመታት

መጀመሪያ ላይ «አታስረዱ» ብያለሁ፤ «እርሷቸው» ግን አላልኩም። ልማዱ ከጸና፣ 40 ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ፣ ያለፉት ዓመታት ራሳቸው መምጣት ይጀምራሉ። ሲመጡ በታሪክነት ሳይሆን በዕቃ ተቀበሏቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዕቃ፣ አንድ ገጽ። ለኔ 2012 የእጅ ማስታጠቢያ ጄሪካን ናት፤ ኮሮና የመጣ ጊዜ በራችን ላይ አስቀምጠናት ጎረቤቱ ሁሉ ይታጠብባት የነበረች። 2016 ፖስታ ነው። ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ ወረቀት ጽፌ መንገዱ በተከፈተ ቀን በሹፌር እልክ ነበር። ያን ጊዜ «መጻፍ አቁሜያለሁ» ብዬ ነበር የማስበው። ወንድሜ ደብዳቤዎቹን አስቀምጧቸው ኖሮ ሰባት ሆነው አገኘኋቸው። እናንተም ፈልጉ፤ ለሰው የላካችሁት ረጅም መልእክት፣ የዕቁብ መዝገብ ጀርባ ላይ የጫራችሁት፣ የልጅ ክትባት ካርድ ዳር ላይ ያለ ቃል። የቆማችሁ መስሏችሁ ያልቆማችሁበት ዓመት አይጠፋም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰው ምሥጢር፣ የሰው ሐዘን፣ ማን የት እንደነበረ፣ በስሙ አይጻፍ። ደብተር ይጠፋል፣ ስልክ ይወሰዳል። «አንድ ጎረቤቴ» ማለት ጽሑፉን አያደክመውም። ያገራችን ሰው በሰም ሸፍኖ መናገርን ያወቀው ለውበት ብቻ አይደለም።

የተዘለለ ቀንና ጳጉሜን

ትዘላላችሁ። ሠርግ አለ፣ አጨዳ አለ፣ ሕመም አለ። የዘለላችሁትን ቀን አታካክሱ፤ ሁለት ቀን ከቀረ አራት መስመር አይጻፍም። ቀኑን ብቻ ጽፋችሁ ከሥሩ ባዶ ተዉት። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ መቁጠሩ ቀላል ነው፤ እኔ ወሩ ሲያልቅ የተጻፉትን እቆጥራለሁ። 20 ካለፉ ወሩ ደኅና ነበር። በኅዳር የተጻፉት 14 ብቻ ነበሩ፤ የጤፍ አጨዳ ነበርና ቤተሰብ ጋ ወርጄ ነበር፤ ከ14ቱ ስድስቱ ስለ ወገብ ሕመም ናቸው።

ጳጉሜንን ለመጻፍ አትጠቀሙባት። አምስት ቀን ናት፤ በ2019 ስድስት ትሆናለች። በእነዚያ ቀናት አዲስ ነገር አይጻፍም፤ የዓመቱ ደብተር ከመስከረም ጀምሮ ይነበባል፣ እርሳሱ ይወጣል፣ ነጥብ ይደረጋል። ነጥብ ያገኙትን ወደ ሌላ ንጹሕ ደብተር ገልብጡ፤ ለሰው የሚነበበው፣ ምናልባት አንድ ቀን የሚታተመው እሱ ነው። አዲሱ ደብተር የሚገዛውም ያኔ ነው፤ ለመስከረም 1። ወፍራም አትግዙ፤ ባለ 50 ቅጠሉ ይበቃል፤ ወፍራም ደብተር እንዳላለቀ ያስታውሳል፣ ቀጭን ደብተር ያልቅና ደስ ይላል።

የጨረሳችሁትን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቁም ሣጥን ላይ ግን አይሁን፤ ከቆርቆሮው ሥር ነው።